በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ መሣሪያ ስለ ማገናኘት፤ የሀብና የአዳፕተር አመራረጥ

አንድ ሱቅ ወይም አንድ የአስመጪ ጽሕፈት ቤት ሥራውን በጠረጴዛ ኮምፒዩተር መምራት ሲጀምር፤ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ኪቦርድ፣ ማውስና ማተሚያ ብቻ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የባርኮድ ማንበቢያ፣ የደረሰኝ ማተሚያ፣ ሚዛን፣ ሁለተኛ ሞኒተር፣ እንዲሁም የሒሳቡን መዝገብ ቅጂ የሚይዝ ሐርድ ዲስክ ይጨመርበታል። የኮምፒዩተሩ ቀዳዳዎች ሲያልቁ ባለሱቁ ወደ ገበያ ወጥቶ ባለአራት ወይም ባለሰባት ቀዳዳ ሀብ ይገዛል። ዕቃው ርካሽ ስለ ሆነ ስለ ምርጫው የሚጨነቅ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም የቀኑ ሽያጭና የዓመቱ ሒሳብ የሚያልፉት በዚሁ በርካሹ ዕቃ በኩል ስለ ሆነ፤ አስመጪውም ሆነ ገዢው ሊያውቁት የሚገባውን ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

ዩኤስቢ የተባለው የማገናኛ ሥርዐት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፤ በደንቡ መሠረት ሀቦቹ ጭምር ተቈጥረው በአንድ መቈጣጠሪያ ላይ እስከ 127 መሣሪያ ሊገናኝ ይችላል። ይህን ቍጥር የሰማ ሰው ምንም ችግር እንደሌለ ሊቈጥር ይችላል፤ ነገር ግን ቍጥሩ የሚናገረው ስለ መሣሪያዎቹ አድራሻ እንጂ ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል አይደለም። የሁለተኛው ትውልድ ዩኤስቢ ቀዳዳ በ5 ቮልት 500 ሚሊአምፔር ብቻ ይሰጣል፤ በ2008 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ 900 ይሰጣል። የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ የሌለው ሀብ ከ500ው ላይ እስከ 100 ድረስ ለራሱ ወስዶ፤ የቀረውን ለአራቱ ቀዳዳዎች በ100 በ100 ያካፍላል። ይህ መጠን ለማውስና ለኪቦርድ ይበቃል። ሐርድ ዲስክ ግን ሥራ ሲጀምር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሻል፤ ከባርኮድ ማንበቢያዎችም መካከል በ100 የማይረኩ አሉ።

ኀይል ሲያንስ መሣሪያው በግልጽ ተሰብሮ ቢታይ ነገሩ በቀለለ ነበር። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ማንበቢያው አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜ ዝም ይላል። ሐርድ ዲስኩ የሒሳቡን መዝገብ በመጻፍ ላይ ሳለ ግንኙነቱ ይቋረጥና መዝገቡ ተበላሽቶ ይቀራል፤ ባለቤቱም ይህን የሚያውቀው መዝገቡን በፈለገበት ቀን ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ጥፋቱን በኮምፒዩተሩ ላይ ያሳብባሉ፤ ጥገናም ይከፍላሉ።

ስለዚህ ከማውስና ከኪቦርድ የበለጠ ነገር የሚያገናኝ ሰው የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለውን ሀብ መምረጥ አለበት። በዚህም ጊዜ የቀዳዳውን ብዛት ብቻ ሳይሆን አብሮት የመጣውን የኀይል ሰጪ ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ሰባት ቀዳዳ ለእያንዳንዱ 500 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ከተፈለገ በጠቅላላው 3.5 አምፔር ያስፈልገዋል። ባለሰባት ቀዳዳ ተብሎ የ1 አምፔር ኀይል ሰጪ ብቻ የተጨመረለት ሀብ፤ በእኛ አስተያየት፤ ሰባት ቀዳዳ አለው ብሎ መሸጥ ተገቢ አይደለም።

ከዚህ የተሻለ መንገድም አለ። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከላፕቶፕ የሚበልጥበት አንዱ ነገር በሆዱ ውስጥ ትርፍ ቦታ መኖሩ ነው። በዚህ ቦታ የዩኤስቢ ካርድ ቢገባበት፤ ከአንዱ ቀዳዳ የሚካፈል ሳይሆን አዲስ ቀዳዳ ይገኛል። ሐርድ ዲስኩን በካርዱ ወይም ከኮምፒዩተሩ በስተኋላ ባለው ቀዳዳ በቀጥታ ሰክቶ፤ ትናንሾቹን መሣሪያዎች ለሀቡ መተው መልካም ነው። የገንዘብ መሳቢያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰካው በደረሰኝ ማተሚያው ላይ ስለ ሆነ ለእርሱ የተለየ ቀዳዳ መግዛት አያስፈልግም። መሰኪያው የስልክ መስመር ቢመስልም የስልክ ገመድ እንዳይገባበት ጥንቃቄ ይደረግ።

የቈዩ ሚዛኖችና አንዳንድ ማተሚያዎች ባለ9 እግር የሆነውን የድሮ ሲሪያል መሰኪያ ስለሚጠቀሙ፤ ወደ ዩኤስቢ የሚለውጥ አዳፕተር ይፈልጋሉ። አስመጪዎች ይበልጥ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው በዚህ ዕቃ ላይ ነው። በውስጡ ያለው ቺፕ በብዛት ተመሳስሎ የሚሠራ ሲሆን፤ ከውጭ ሲታይ ከእውነተኛው አይለይም። በ2014 በጥቅምት ወር ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ያሰራጨው ድራይቨር፤ በኩባንያው ስም ተመሳስለው የተሠሩትን ቺፖች መለያ ቍጥር ወደ ዜሮ ስለ ለወጠው፤ ትናንት ይሠሩ የነበሩ መሣሪያዎች በድንገት ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ተቃውሞ ስለ በረታበት ድራይቨሩን መልሶ አነሣ። ፕሮሊፊክ የተባለው የታይዋን ኩባንያም ተመሳስለው የተሠሩትንና የቈዩ ቺፖቹን አዲሱ ድራይቨር እንዳይቀበላቸው አድርጓል። ጕዳቱ የደረሰው በአስመሳዩ ላይ ሳይሆን ዕቃውን በቅንነት በገዛው ላይ ነው። ስለዚህ አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ የቺፑ ዐይነት በዋጋ ማቅረቢያው ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ ከመጣም በኋላ ጥቂቱን ማሻሻያው በተሟላ ኮምፒዩተር ላይ ይፈትን። ባለሱቁ ደግሞ አዳፕተሩን ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ ይሰካው። ቦታው ሲለወጥ ኮምፒዩተሩ አዲስ የመስመር ቍጥር ሊሰጠው ስለሚችል፤ የሽያጩ ፕሮግራም ሚዛኑን ያጣዋል።

የሞኒተር አዳፕተር ከሌላው የሚለየው አቅጣጫ ስላለው ነው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደው ተራ አዳፕተር ተገልብጦ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት አይሠራም። እንደዚሁም ከኤችዲኤምአይ ወደ አሮጌው ቪጂኤ የሚለውጠውና ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ «የኤችዲኤምአይና የቪጂኤ አዳፕተር» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ኮምፒዩተሩ በየትኛው ወገን፤ ሞኒተሩ በየትኛው ወገን እንደ ሆነ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

በመጨረሻም ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚላኩ ሀቦች ስላሉ፤ ኀይል ሰጪው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ይታይ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ይቃጠላል። ዩፒኤስ ያለው ሰው ደግሞ ኮምፒዩተሩን ብቻ ሳይሆን የሀቡንም ኀይል ሰጪ በዩፒኤሱ ላይ ይሰካው። አለዚያ መብራት በጠፋ ጊዜ ኮምፒዩተሩ በርቶ ሳለ ማንበቢያውና ሐርድ ዲስኩ ይቋረጣሉ።