«ቁልፉ ተጋጭቶ ነው!»

ሰንጠረዥ በአማርኛ የድሮው ቼዛችንም ነው፣ ቁጥር በረድፍ የሚሰፍርበት መዝገብም። ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁለቱም በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይነሱታል። ፕሮግራሙ አንዴ ያሰላውን አቀማመጥ ደግሞ እንዳያሰላ ውጤቱን፣ አቀማመጡን በሚወክል ቁጥር (ቁልፍ) እየለየ፣ ሀሽ ቴብል በሚባል ሰንጠረዥ ውስጥ ያኖራል፤ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚከሰሰውም እሱ ነው።

ተረት፦ ፕሮግራሙ የእብድ እርምጃ ከሄደ፣ ሁለት አቀማመጦች አንድ ቁልፍ ደርሷቸው ተጋጭተዋል።

እውነታ፦ ግጭት አለ፤ ግን ብዙ ጊዜ ሰበብ ነው። አልበርት ዞብሪስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ዘዴ 12ቱ የጠጠር ዓይነቶች በ64ቱ ቤቶች ላይ የየራሳቸው የዘፈቀደ ቁጥር አላቸው፤ 768 መሆኑ ነው። ተራው የማን እንደሆነ 1፣ ለካስሊንግ መብት 4፣ ለአን ፓሳን 8 ሲጨመር 781 ይደርሳል። ከእነዚህ አቀማመጡን የሚመለከቱት በኤክስኦር ሲጣመሩ ቁልፉ ይወጣል። ሮበርት ሃያትና አንቶኒ ኮዚ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ሆን ብለው ግጭት እያስገቡ ሲፈትኑ፣ ፕሮግራሙ ከተገመተው በላይ ስሕተት ተሸክሞም ደህና ይጫወት ነበር።

ወንጀለኛው አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ኮድ ነው። ቁልፉ በየእርምጃው ከዜሮ አይሰላም፤ የለቀቀው ቤት ቁጥር ይወጣል፣ የደረሰበት ይገባል። አን ፓሳንን እንይ፦ ኢ5 ላይ ያለ ነጭ ወታደር ዲ6 ላይ ሲያርፍ የሚበላው ጥቁር ወታደር የቆመው ዲ5 ላይ ነው። ኮዱ የዲ6ን ቁጥር ካወጣ ቁልፉ ከዚያ ወዲያ ውሸታም ነው። መድኃኒቱ ቀርፋፋ ቢሆንም አይስትም፦ ለምርመራ ሲባል ከየእርምጃው በኋላ ቁልፉን ከዜሮ አስልቶ ማስተያየት። የዘፈቀደ ቁጥሮቹም ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር አይለዋወጡ፤ የዛሬው ባግ ነገ ተመልሶ ካልመጣ በምን ይያዛል?

ተረት፦ ፐርፍት ከገጠመ ሁሉም ደህና ነው።

እውነታ፦ ፐርፍት ሕጋዊ የእርምጃ መንገዶችን ይቆጥራል፤ ከመነሻው አቀማመጥ 20፣ 400፣ 8,902፣ 197,281 እያለ ይሄዳል። ካስሊንግ ግን ከ7ኛው ደረጃ በፊት ብቅ አይልም፤ ያኔ ድምሩ 3,195,901,860 ደርሷል። ስለዚህ እስከ 6 ድረስ ፍጹም የገጠመ ፕሮግራም ካስሊንግ ጭራሹን ያልተጻፈለት ሊሆን ይችላል። ስለ ፍለጋው ጤንነት ደግሞ ፐርፍት አንድም ቃል አይተነፍስም።

ተረት፦ ሰንጠረዡ ያፈጥናል እንጂ ውሳኔ አይለውጥም።

እውነታ፦ ይለውጣል፤ ማት ላይ በተለይ። የማት ነጥብ 30,000 ነው እንበል። ከመነሻው 6ኛ እርከን ላይ ያለ አቀማመጥ ከ3 እርከን በኋላ ማት ካለው ነጥቡ 29,991 ነው። እንዲሁ ተመዝግቦ፣ በኋላ ያው አቀማመጥ በአቋራጭ 2ኛ እርከን ላይ ሲገኝ ትክክሉ 29,995 ነው፤ መዝገቡ ግን 29,991 ይላል። ፕሮግራሙ ማቱን እያየው ዙሪያውን ሲዞር የሚያመሸው በዚህ ነው። ሲመዘገብ 6 ጨምሮ 29,997 ማስቀመጥ፣ ሲነበብ 2 መቀነስ፤ በቃ።

ሲጠገን ለፈተና፣ ከቼዝ ተጫዋቹ ሩበን ፋይን የመጨረሻ ጨዋታ መጽሐፍ 70ኛውን አቀማመጥ መስጠት ነው። ነጭ፦ ንጉሥ ኤ1፣ ወታደሮች ኤ4፣ ዲ4፣ ዲ5፣ ኤፍ4። ጥቁር፦ ንጉሥ ኤ7፣ ወታደሮች ኤ5፣ ዲ6፣ ኤፍ5። ያው አቀማመጥ በብዙ መንገድ ስለሚደጋገም፣ ሰንጠረዡ ጤነኛ ከሆነ ፍለጋው ብዙ ሳይቆይ ወደ ጥልቁ ይወርድና ንጉሡን ወደ ቢ1 ያንቀሳቅሳል። ሰንጠረዡ የታመመ ከሆነ ቡና ማፍላት ይቻላል።