የድምፅ ማጉያን እውነተኛነት ስለ መመርመር

ለቤተ ሰቡ መደሰቻ በገዛ እጁ የድምፅ ማጉያ የሠራ ሰው በሥራው ላይ በጆሮው ብቻ ሊፈርድ አይገባውም፤ ጆሮ ሲሰነብት ጉድለትን ይለምዳልና። በ1947 እ.ኤ.አ. ዊልያምሰን የተባለው መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር ‹ዋየርለስ ወርልድ› በሚባለው መጽሔት የገለጠው ባለ 15 ዋት ማጉያ በቤታቸው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የተመሰገነው መዛባቱ በመቶ ከ0.1 የማይበልጥ በመሆኑ ነው።

ልኬቱም እንዲህ ነው፤ በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ ንጹሕ ድምፅ በማጉያው ያልፋል፤ በመውጫው ይኸው ድምፅ በማጣሪያ ይወገድና ትርፉ ይለካል። ይህም ትርፍ ማጉያው ከራሱ የጨመረው መዛባትና ጕምጕምታ ነው። ከ10 ቮልት 0.01 ቮልት ቢተርፍ በመቶ 0.1 ይሆናል። ነገር ግን አስቀድሞ የምንጩ ንጽሕና ይመርመር፤ በምስክሩ ሐሰት ተከሳሹ እንዳይፈረድበት።