ቀና ብሎ የሚያይ ሰው

በጎ ፈቃደኛ ነፍስ አዳኝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ናዳው የሚሮጠውን ነው። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ምንም የማይቆፍረውን ነው፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከቆፋሪዎቹ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ሽቅብ ተረተሩን የሚያየውን። ሲያዩት ሥራ ፈት ይመስላል። የሚቆጣውም አይጠፋም፦ «ሰው አፈር በልቶት አንተ ቆመህ ታያለህ?»

ቁጣው ከሐዘን የመጣ ነውና አልፈርድም። ነገር ግን ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን እናስታውስ። ከባድ ዝናብ ጥሎ መሬት ተንሸራተተና ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ተጠራርቶ ደረሰ። ቁፋሮ ላይ እንዳለ ሁለተኛው ናዳ መጣበት። ነፍስ ለማዳን ሄደው ከቀሩት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 አለፈ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ በወላይታ፣ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ ናዳ ከ10 በላይ ሰዎችን ገደለ።

«የወረደው ወርዷል፤ ከእንግዲህ ምን ይመጣል?» የሚለው አነጋገር ያናድደኛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዝናብ ሲደጋገም ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ አፈሩን ያከብደዋል፣ እርስ በርስ የያዘበትንም ኃይል ያላላል። የታችኛው ክፍል ሲንሸራተት የላይኛው ደጋፊ አጥቶ እንደ ግድግዳ ተገትሮ ይቀራል፤ ውሃው ግን አሁንም እየሰረገ ነው። ዝናቡ ቢያባራም እንኳ ወዲያው አይደርቅም። ስለዚህ ከናዳ በኋላ ያለው ሰዓት በጣም የሚያስፈራው ሰዓት ነው። ሕዝብ ከግርጌው የሚሰበሰበውም ያኔ ነው።

   

አሁን ወደ ወላይታዋ ጉኑኖ ልውሰዳችሁ። ይህች የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ በአፈር ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ ከወላይታ አልፎ የተሰማ ነው። በ1970ዎቹ ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት እዚህ ጣቢያ ነበረው፤ የዘነበው ዝናብና ታጥቦ የሄደው አፈር ይለካበት ነበር። እርከንና ፋንያ ጁ (የቦዩ አፈር ወደ ላይ የሚጣልበት የእርከን ዓይነት) ለአካባቢው ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። እርከን ግን የላይኛውን አፈር ከመታጠብ ያድናል እንጂ በጥልቀት የሚነሣን ናዳ አያስቆምም። «እርከን ሠርተናል» ብሎ ከሥሩ የቤት መደብ የሚቆርጥ ሰው ሳይ ያመኛል። የተረተሩን ግርጌ ቆርጦ ቤት መሥራት፣ ናዳውን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

እዚያው ያገኘሁት አንድ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ቦርሳውን ከፍቶ አሳይቶኛል፦ ጓንት፣ ፋሻ፣ ገመድ፣ ፊሽካ። ከሥር ሲባጎ የተጠመጠመባቸው ሁለት ችካሎች ነበሩ። ችካሎቹ መሬት ሲሰነጠቅ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ይተከላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በሲባጎው ይለካና ቋጠሮ ይደረግበታል፤ ጧትና ማታ ቋጠሮው ይታያል። ርቀቱ ከሰፋ፣ ከሥር ያለው ቤተሰብ ልብስና ዕቃ ልሰብስብ ሳይል ይወጣል። ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ ጥርት ያለው ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ፣ ውሃ ባልነበረበት ሲፈልቅ፣ ዛፍ ሲያዘነብል፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ አልገጥም ሲል። በሩን በመጥረቢያ ላጋችሁ ከማስገጠማችሁ በፊት እስቲ ወጥታችሁ የቤቱን ዙሪያ እዩ።

ሌላው ጣጣ የእድር ጡሩንባ ነው። ሰው ለመጥራት የሚተካከለው የለም፤ ስልክ ባይኖር፣ መብራት ቢጠፋ ይሰማል። ግን ጡሩንባ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ኑ»። ናዳ ሲሆን የሚያስፈልገው ደግሞ «ውጡ» የሚል ድምፅ ነው። የጠባቂው ፊሽካ ለዚህ ነው። ረጅም ፊሽካ ሲነፋ ቆፋሪው ዶማውን ጥሎ ወደ ጎን ይሮጣል፤ ቁልቁል አይሮጥም፣ ናዳው ይቀድመዋልና። ይህ አስቀድሞ ካልተለማመዱት በዕለቱ የሚሆን ነገር አይደለም።

ጠባቂውም ዝም ብሎ አይመረጥም። ዘመዱ ከአፈሩ ሥር ያለ ሰው ይህን ሥራ አይሰጠውም፤ ዓይኑ ሽቅብ አያይለትም። ቶሎ ቶሎም ይቀየራል፣ ዓይን ይደክማልና። ሲመሽ ወይም ዝናቡ ሲመለስ ጠባቂው ተረተሩን ማየት ስለማይችል ቁፋሮው መቆም አለበት። ልጁ የተቀበረበትን አባት «አቁም» የሚለው ግን ማን ነው? የሃያ ዓመት ወጣት ቢለው አይሰማውም። የእድሩ ዳኛ ቢለው ምናልባት ይሰማዋል። ሥልጠና ሲዘጋጅ ግን የሚጠሩት ወጣቶች ብቻ ናቸው፤ ዳኛው ሲነግሩት አልሰማሁም፣ ወንበርም አይያዝለትም።