የረጅም ጉዞ የሞተር ብስክሌት ውድድር

በምሥራቅ ሱዳን ከዋድ መዳኒ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ፋው የምትባል ከተማ ትገኛለች። ዙሪያዋን ዐይን እስኪታክት የተንጣለለ ሜዳ ከብቧታል። የራሃድ የመስኖ እርሻ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚህች ከተማ ነው። እርሻው ስሙን ያገኘው ከራሃድ ወንዝ ሲሆን፥ ወንዙ የሚመነጨው ከአገራችን፥ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍተኛ ቦታ ነው። በክረምት ሞልቶ ይፈስሳል፤ በበጋ ደግሞ ይደርቃል። ከገዳሪፍ ጀምሮ እስከ ገላባትና መተማ ድረስ ያለው አገር ማሽላና ሰሊጥ የሚመረትበት ነው።

የዚህ ሜዳ አፈር በእኛ አገር ገበሬዎች ዘንድ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በበጋ ስንጥቁ የሞተር ብስክሌትን የፊት ጎማ ይዞ አሽከርካሪውን ለመጣል የሚበቃ ነው። በክረምት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጭቃው ከጎማው ጋር እየተጠቀለለ ይወጣና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል። ጥቂት እንደ ተሄደ ጎማው መዞር ያቆማል። አሽከርካሪው ወርዶ በእንጨት ወይም በጣቱ ይጠርጋል፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል ይነዳና እንደገና ይወርዳል። ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳውም። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ከፈጣን ሰው ይልቅ ትዕግሥተኛ ሰው እንደሚሻል፥ ከሰሊጥ ማሳ ምርት የሚያመላልሱ የካሚዮን ሾፌሮች ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በሞተር ብስክሌት ይህን አገር ካቋረጡት ሰዎች መካከል ቴድ ሳይመን የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ይጠቀሳል። ሳይመን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1973 በአንዲት ባለ 500 ሲ.ሲ. ትራያምፍ ሞተር ብስክሌት ተቀምጦ ዓለምን ለመዞር ከለንደን ተነሣ። የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ያወጣው ለዚሁ ጉዞ ሲሰናዳ ስለ ነበር፥ በሙያው ልምድ ያለው ሰው አልነበረም። ከግብፅ ወደ ሱዳን ወርዶ ከአትባራ ወደ ከሰላ፥ ከከሰላም በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ አመራ፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ወጣ። በዚያን ጊዜ ከገዳሪፍ እስከ መተማ አስፋልት አልነበረም። መንገዱ የካሚዮን ጎማ የቀደደው ፈለግ ብቻ ነበር። ሳይመን በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 45 አገሮችን አቋርጦ ተመለሰ፤ ታሪኩንም እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳተመ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ሳይመን ካለፈ ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ፥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በእግራቸው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰድደው በፋውና በሌሎችም ስፍራዎች በተቋቋሙ መጠለያዎች ሰፍረው ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ጉዞው ተገልብጦ፥ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ አገር ተሰድደዋል። ችግርን ፈልጎ ስለሚሄድ ሰው ስናነብ፥ ችግር ራሱ ፈልጎት የሚሄድ ሰውም በዚያው መንገድ ላይ መኖሩን መዘንጋት አይገባም።

ከላይ የተጠቀሰው የሳይመን ጉዞ ውድድር አልነበረም። ከመንገድ ውጪ የሚደረግ የረጅም ርቀት ውድድር የሚባለው፥ ተወዳዳሪዎች ለብዙ ቀናት በበረሃ፥ በአሸዋ ክምርና በድንጋያማ ስፍራ እየነዱ፥ በየቀኑ የፈጀባቸው ጊዜ እየተደመረ ደረጃ የሚያወጡበት ነው። ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የታወቀው የዳካር ውድድር ነው። መሥራቹ ፈረንሳዊው ቴሪ ሳቢን ይባላል። ሳቢን ከአቢጃን እስከ ኒስ በተደረገ ውድድር ላይ በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ በሰሃራ በረሃ መንገድ ጠፍቶት ከሞት ለጥቂት ተርፎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በረሃውን ዳግመኛ ለማየት ባልፈለገ ነበር። እርሱ ግን ሌሎችም እንዲያዩት የሚያደርግ ውድድር አሰናዳ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1978 ወደ 182 የሚጠጉ መኪናዎችና ሞተር ብስክሌቶች ከፓሪስ ተነሡ። ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ጉዞ ፈጽመው ሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር የደረሱት 74 ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጣው ሲሪል ኔቮ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ሲሆን፥ የነዳውም ባለ 500 ሲ.ሲ. ያማሃ ሞተር ብስክሌት ነበር። በዚያ ዓመት መኪናውም ሞተር ብስክሌቱም በአንድነት ይመደብ ስለ ነበር፥ ኔቮ ባለ መኪናዎቹንም ጭምር አሸንፏል። ሳቢን እ.ኤ.አ. በጥር 1986 ውድድሩን ሲከታተል ማሊ ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2008 በጸጥታ ችግር ተሠርዞ፥ ከ2009 እስከ 2019 በደቡብ አሜሪካ፥ ከ2020 ወዲህ ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያ ይካሄዳል። ስሙ ግን ዛሬም ዳካር ነው።

ከተወዳዳሪዎቹ መካከል በፋብሪካ ተቀጥረው የሚነዱት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት አማተሮች ናቸው። አማተር የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፥ ፍችው «የሚወድ» ማለት ነው፤ ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚሠራ ማለት ነው እንጂ ሥራውን የማያውቅ ማለት አይደለም። አማተሩ በሌላ ጊዜ መካኒክ፥ ገበሬ፥ ሐኪም ወይም ነጋዴ ነው። የመመዝገቢያው ክፍያ ብቻ ከዐሥር ሺህ ዩሮ በላይ ስለሚሆን፥ ብዙዎቹ ለዓመታት ይቆጥባሉ። ከዚያም በላይ አዲስ ተወዳዳሪ ከመመዝገቡ በፊት በሌላ ተመሳሳይ ውድድር ልምድ ማግኘቱን ማሳየት አለበት።

የአንድ ቀን ጉዞ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከሰፈር እስከ መነሻው መስመር የሚያደርሰው ተራ መንገድ ሲሆን፥ ሁለተኛው ጊዜ የሚያዝበት ዋናው ክፍል ነው። ሞተረኞች የሚነሡት ጎሕ ሳይቀድ ነው። መንገዱን የሚያሳያቸው በሞተሩ መሪ ላይ የተገጠመ የመንገድ መግለጫ ነው። ይህ መግለጫ ለረጅም ዘመን የወረቀት ጥቅል ነበር፤ ኋላ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይተካው ጀመር። በላዩም ርቀቱ፥ አቅጣጫውና አደጋ ያለበት ስፍራ በአጫጭር ምልክቶች ተጽፎ ይገኛል። አሽከርካሪው በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ አንድ ዐይኑን ከምልክቱ፥ አንድ ዐይኑን ከድንጋዩ ላይ ማድረግ አለበት። ማለፊያ ነጥቦችን ከሳተ ቅጣት ይጨመርበታል። ለዚህም ነው ባለ ሙያዎቹ ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫ ማወቅን የሚያጠኑት።

አማተሩ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሌላ አደጋ ያገኘዋል። ከሞተሮቹ በኋላ የተነሡት ፈጣን መኪናዎች ከኋላው ይደርሱበታል። በአቧራ ውስጥ ሰውን ማየት ስለማይቻል፥ ከኋላ መኪና መቅረቡን በጩኸት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በሞተሩ ላይ ይገጠማል። ከ2021 ወዲህ ሲወድቁ የሚነፋ የአየር ትጥቅ መልበስም ግዴታ ሆኗል። ሆኖም አደጋው አልቀረም። በዚያው ዓመት አንድ ፈረንሳዊ አማተር በመውደቁ በደረሰበት ጉዳት ሕይወቱ አልፏል። የወደቀ ባልንጀራ ሲገኝ ቆሞ መርዳት የተለመደ ሲሆን፥ ለእርዳታው የፈጀው ጊዜ ኋላ ለረዳው ሰው ይመለስለታል።

ከአማተሮቹም መካከል ያለ ምንም ረዳት የሚወዳደሩ አሉ። አዘጋጆቹ የሚጭኑላቸው አንድ የዕቃ ሣጥን፥ አንድ ድንኳን፥ መለዋወጫ ቸርኬና ጎማ ነው። መካኒክ የላቸውም። የፋብሪካው ነጂ ቀትር ላይ ገብቶ ሞተሩን ለሠራተኞች አስረክቦ ይታጠባል፥ ይበላል፥ ይተኛል። ብቸኛው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው ከመሸ በኋላ ነው። ዘይት ይቀይራል፤ የአየር ማጣሪያውን ያጥባል፤ ጎማ ይፈታል፤ ሰንሰለት ያጠብቃል። ያንን ሁሉ የሚያደርገው ቀኑን ሙሉ መሪ ሲጨብጥ በውኃ በቋጠረ መዳፉ ነው። ሲጨርስ የቀረው የእንቅልፍ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር በዚህ ዓይነት መንዳት ከጡንቻ ይልቅ እንቅልፍ ማጣትን መቻል የሚጠይቅ ይመስላል፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጸመውም በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን፥ አእምሮ ሲደክም ነው።

ለአማተር ነገሩ ምን ያህል ባልታሰበ ጊዜ ሊያበቃ እንደሚችል የእንግሊዛዊው ተዋናይ የቻርሊ ቦርማን ታሪክ ያሳያል። ቦርማን እ.ኤ.አ. በ2006 ከሊዝበን እስከ ዳካር በተደረገው ውድድር ለመሳተፍ ለወራት ሠለጠነ፤ ሞተሩም በሚገባ ተዘጋጅቶለት ነበር። ነገር ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወድቆ እጆቹ ስለ ተጎዱ ከውድድሩ ወጣ። ከቡድኑ አባላት መካከል ሳይመን ፔቪ የተባለው አውስትራሊያዊ ጉዞውን ፈጽሞ ዳካር ደረሰ። ቦርማን በዓመቱ፥ በ2007፥ ከጓደኛው ከተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገር ጋር በሞተር ብስክሌት ከስኮትላንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በዚህ ጊዜ ሰዓት የሚቆጥርበት ሰው አልነበረም።

በውድድሩ ላይ ከሁሉ በኋላ የሚጓዝ አንድ ትልቅ ካሚዮን አለ፤ «መጥረጊያው» ይሉታል። ሥራው የተሰበሩትንና የቀሩትን ሞተሮች ከነነጂዎቻቸው ለቅሞ ወደ ሰፈር ማድረስ ነው። ሌሊት በአሸዋ ውስጥ ተጣብቆ የቀረ አማተር የመብራቱን ብርሃን ከሩቅ ያየዋል። ሞተሩን ከጫነ በዚያ ቀን ውድድሩ ያበቃበታል። ከ2020 ወዲህ ግን እንዲህ የወጣ ሰው ከደረጃ ውጪ ሆኖ ከባልንጀሮቹ ጋር እንዲቀጥል ይፈቀድለታል። ጧት ሰፈሩ ሲነሣ ገሚሶቹ ይህን ዕድል ይቀበላሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ ዕቃቸውን ሸክፈው፥ ለከርሞ ምን ያህል መቆጠብ እንዳለባቸው እያሰሉ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።