ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ሐውልት

አሶሳ ውስጥ ሙሽሮች የሚወዱት ፎቶ አትክልት ቦታ ላይ የሚነሡትን ነው፤ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ ከቀርከሃው አጠገብ፣ ግቢው ካለው ደግሞ ከሲሚንቶ አንበሳ ፊት። እኔ ሙሽሮቹን ጨርሼ ሰው ገለል ሲል አንበሳውን ብቻውን አነሣለሁ። «ጋሼ፣ ይሄን ማን ይገዛዋል?» ይለኛል ረዳቴ። ገዢ የለውም። ግን በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ ቀለም ይቀባል፣ ክረምቱ ያጠቁረዋል፣ ግቢው ሲታደስም ይፈርሳል። የሠራው ሰው ስሙን አልጻፈበት፤ ከእጁ ሥራ የሚተርፈው ፎቶው ነው።

ከፎቶግራፍ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ታልቦት በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የፓትሮክለስን የጄሶ ቅርጽ ሲያነሣ፣ ለሐውልት ደመናማ ቀን እንደሚስማማ፣ ፀሐይ ከበረታች ደግሞ በጥላው በኩል ነጭ ጨርቅ መያዝ እንደሚረዳ ጽፎ ነበር። በአሶሳ የቀትር ፀሐይ ዛሬም ነጠላ አስይዤ እሠራበታለሁ። አብልጬ የማደንቀው ግን ፈረንሳዊውን ፎቶግራፍ አንሺ አትዤን ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ አንሥቶ በ1927 እ.ኤ.አ. እስኪሞት የቬርሳይንና የሴን ክሉን የአትክልት ሐውልቶች በ18 በ24 ሴንቲሜትር መስታወት ላይ ሲያነሣ ኖረ። ሐውልቱን ከዛፉ፣ ከኩሬውና ከደረጃው አይነጥለውም።

አለመነጠሉ ምን ያህል እንደሚጠቅም አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ሄዶ ማየት ነው። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በዛሬው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት፣ ወጥተው የሚገቡበት ፎቅ የሌለው ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ያቆሙት የጣሊያን ፋሺስቶች ናቸው፤ እርከኖቹ የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት ይቆጥራሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ነው። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠ። አንበሳውን ብቻ አቅርቦ ያነሣ ሰው ጌጥ ይዞ ይመለሳል፤ ደረጃውን ብቻ ያነሣም የወራሪውን ፉከራ። ታሪኩ ያለው አንዱ በሌላው ላይ መቀመጡ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መሠረቱና አጥሩ እስኪታዩኝ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ቀጥሎ ዙሪያውን፣ በተለይ ማንም የማያየውን ጀርባውን። ከዚያ ስንጥቁን፣ ብረቱ ገጦ የወጣበትን ቦታ፣ ቀለሙ ተልጦ የድሮው የታየበትን እጠጋለሁ። በመጨረሻም አትክልተኛውን ማን እንደሠራው፣ ቦታው ተቀይሮ እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀባ ጠይቄ መልሱን ከነቀኑ ከፎቶው ጋር አስቀምጣለሁ።