ሻማው ካልሸተተ ሽቶ አትጨምሩ

ከአኩሪ አተር ሰም መዓዛ ያለው ሻማ በቤት ሠርቶ መሸጥ በጥቂት ገንዘብ የሚጀመር ሥራ ነው። ነገር ግን ሻማው ሲለኮስ ካልሸተተ ወይም መሐሉ ብቻ ከጎደጎደ ገዢው ተመልሶ አይመጣም።

ሽታ ከሌለው፦ ብዙዎች ሽቶ ይጨምራሉ። ከልክ ያለፈውን ግን ሰሙ ስለማይዘው ላዩ ያልበዋል፤ ገንዘብም ይባክናል። ለ1 ኪሎ ሰም ለሻማ የተዘጋጀ የሽቶ ዘይት ከ60 እስከ 100 ግራም በሚዛን ለኩ፤ በሰሙ ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው መጠንም አትለፉ። ሰሙ 85 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ጨምራችሁ 2 ደቂቃ በቀስታ አማስሉ። ሻማው ከረጋ በኋላ ከድናችሁ ከ1 እስከ 2 ሳምንት አቆዩት። በማግስቱ የተለኮሰ ሻማ ሽታው ደካማ ነው።

መሐሉ ከጎደጎደ፦ ክሩ ለብርጭቆው ቀጥኗል። መጀመሪያ ሲለኮስም ሰሙ እስከ ጠርዙ ሳይቀልጥ አታጥፉት።

ጥቀርሻ ካወጣ፦ ክሩ ወፍሯል ወይም ረዝሟል። ከመለኮሱ በፊት ግማሽ ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡት።

ላዩ ነጭ ካወጣ፦ የሰሙ ጠባይ ነው፤ ጉዳት የለውም።

ሰሙን በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡት እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። እሳት ቢይዘው ውኃ አታፍስሱበት፤ ምድጃውን አጥፍታችሁ ክደኑት።

ለሽያጭ ዕቃ በብዛት ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ሻማ እስከ መጨረሻው አንድዳችሁ ፈትኑ። ሽያጩን ስትጀምሩ ደግሞ በማዓም፣ በመስ ሃክናሳና በቢቱዋህ ሌኡሚ ተመዝገቡ።