ሳፋና ፓራውልት

እናቴ ሳፋ ተሰነጠቀ ብላ አትጥልም። አሮጌ ቢላዋ ከሰል ላይ ታግልና፣ ካረጀ ሌላ ሳፋ ጠርዝ ቁራጭ ወስዳ ስንጥቁ ላይ እያቀለጠች ትደፍነዋለች። ልጅ ሆኜ የጆግ ስባሪ ባቀብላት «እሱ አይይዝም፤ ሳፋን በሳፋ ነው» አለችኝ። ነገሩ የገባኝ መኪና ገዝቼ፣ ፓራውልቱን ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ካላተምኩት በኋላ ነው።

እንደ ብዙ ሰው እኔም መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ሱፐር ግሉ ነበር። ሦስት ቱቦ ጨረስኩ፤ ቤኪንግ ሶዳም ነሰነስኩበት። ሶዳው ሙጫውን ወዲያው ድንጋይ ያደርገዋል፤ ሙቀቱና ዓይን የሚያቃጥለው ጢሱ ሲወጣ ሰው ራሱን እንደ መሐንዲስ ይቆጥራል። በማግስቱ ጎተራ ሳልደርስ ስባሪው አስፋልት ላይ ቀረ። አንስቼ ባየው ሙጫው እንደ መስተዋት ተላጧል። ድንጋይነቱ አልጠፋም፤ ፕላስቲኩን ግን ጨርሶ አልያዘውም።

ሱፐር ግሉን አልወቅስም። እ.ኤ.አ. በ1942 ኬሚስቱ ሃሪ ኩቨር ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አገኘው፤ የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገረው ተወው። ለገበያ የወጣው በ1958 ነው። «ሁሉን ያጣብቃል» የተባለለት ይህ ሙጫ የሚሸነፈው እኛ በምንፈልገው ቦታ ነው፤ አብዛኛው ፓራውልት የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነውና። ገጹ ሰም ይመስላል፤ ውሃ ቢያንጠባጥቡበት እንደ ኮባ ቅጠል ላይ ጠብታ ተድቦልቡሎ ይንሸራተታል። ውሃ ያላረጠበውን ሙጫ ምኑን ሊይዝ?

መልሱ ራሱ ፓራውልቱ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ነው የጠፋው። ፈታችሁ ጀርባውን አገላብጡት፣ ጭቃውን ጥረጉ። ፊት ለፊት በተያዩ ሁለት ቀስቶች መሃል ጥቃቅን የላቲን ፊደላት ታገኛላችሁ። «ፒፒ» ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ «ኢፒዲኤም» ከተከተለው ጎማ ተቀላቅሎበታል፤ «ቲ20» ደግሞ 20 በመቶ የታልክ ዱቄት አለው ማለት ነው። «ኤቢኤስ» ካለ ሌላ ዓለም ነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ፍለጋ ሄዶ ቀለሙንና ሞዴሉን አስር ጊዜ የሚጠይቅ ገዢ ይህችን ጽሑፍ አያያትም። ጋራዥም እንዲሁ፤ ያለ ርኅራኄ ስቱኮ ለጥፎ ይቀባባታል።

ሌላው ስህተት ቢጫው የዘይት ጀሪካን ነው። እሱም ሰም ሰም ይላል፣ በጋለ ብረት ይቀልጣል፣ ስንጥቁ ላይ ሲፈስም የያዘ ይመስላል። ጀሪካን ግን ፖሊኤቲሊን ነው፤ የፖሊፕሮፒሊን የቅርብ ዘመድ ቢሆንም አይዋሃዱም። ቀዝቅዞ በጥፍር ስትነኩት እንደ እከክ ይነሳል። የሚሞላው ከራሱ ከፓራውልቱ የተደበቀ ጠርዝ ወይም ጋራዥ ጥግ ከተጣለ ባለ ተመሳሳይ ጽሑፍ ስባሪ በቀጭኑ የተቆረጠ ነው። ሳፋን በሳፋ።

ሥራው ራሱ አያስቸግርም። በሳሙና ማጠብ፣ ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ እንዳይቀጥል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ መብሳት፣ ከጀርባ የወንፊት ሽቦ በራዲዮ ጠጋኞች የመበየጃ ብረት አቅልጦ መቅበር፣ ከላይ በቁራጩ መሙላት። ደጅ ላይ ይሁን፤ ጢሱ ከጠቆረ ብረቱ ከልክ በላይ ግሏል። የራዲያተሩን የፕላስቲክ ጋን ግን እባካችሁ አትንኩት፤ የፈላ ውሃ በግፊት የሚይዝ ነገር ለእልህ መወጫ አይሆንም።

ኤቢኤስ የሆኑት፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የስፖኪዮ ሽፋኖች፣ በአሴቶን ይሟሟሉ። ስባሪውን ከታትፎ ማሟሟትና እንደ ሊጥ መቀባት ነው፤ እሳት አጠገብ ግን በፍጹም። የፊት መብራት መስተዋትን አሴቶን ስለሚያበላሸው እሱም ይራቅ። ባለፈው ጎረቤቴ የስፖኪዮውን ሽፋን ሰብሮ መጣ። ጀርባውን አነበብንና የሚስቱን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እንዲያመጣ ላክሁት። ሽፋኑን ስከታትፍ ቆይቼ ጠርሙሱን ተቀበልኩት። ፊቱ ላይ በትልቁ «አሴቶን የሌለበት» ይላል።